ወፍራም ዘይት ለብርድ አገር

ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪና ማሠራት ማለት መቆም ማለት ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ባለመኪናው አጠገቡ ይቆማል። ዘይቱ ከታሸገ ጄሪካን መቀዳቱን፣ አሮጌው ፊልትሮ ወጥቶ አዲሱ መግባቱን፣ የተፈታው ብሎን ተመልሶ መጥበቁን በዓይኑ ያያል። ሥራው ሲያበቃ ባዶውን ጄሪካን ወይ ይዞት ይሄዳል ወይ በሚስማር ይበሳዋል፤ ሳይበሳው ቢሄድ ሌላ ሰው የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ፣ ሞልቶና አሽጎ እንደ አዲስ እንደሚሸጠው ያውቃል። ይህን የሚያደርገው መካኒኩን ስለሚጠላው አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚተዋወቁ፣ አብረው ሻይ የሚጠጡ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰዎች ናቸው። መቆም የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ መኪናውን ቆሞ ያላሠራ ሰው መኪናው ቢበላሽበት የሚያዝንለት የለም። «ቆመህ አላሠራህም?» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

ያልተጻፈው ደንብ ግን የሚቆመው ሰው ወንድ እንዲሆን ይጠይቃል። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በፈሳሾች ጠባይ ላይ ነው፤ አንድ ፈሳሽ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ስለካ ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን በኋላ መኪናዬን ራሴ ወደ ጋራዥ መውሰድ ስጀምር ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነበር። «እትዬ፣ ሰው የለዎትም እንዴ?» ይሉኛል፤ ሰው ማለት ወንድ መሆኑን ማብራራት አያስፈልጋቸውም። ቀጥለው ወንበር ያመጡልኛል። ወንበሩ የሚቀመጠው መካኒኩ ከሚሠራበት ጉድጓድ ርቆ፣ አጥሩ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ነው። በዚህ ከተማ ሰውን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ማክበር ስለሆነ መቆጣት አይቻልም። ከዚያ ርቀት የሚታየው የመካኒኩ ጫማ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ከቤት ሳልወጣ በአሮጌው ፊልትሮ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አደረግኩ። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተሰጠኝ፤ ተቀመጥኩ። ሥራው አለቀ ተብዬ ስመለከት ቀይዋ ነጥብ ከነቦታዋ ነበረች። የጋራዡን ባለቤት ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ከኀፍረት ይልቅ ደስታ ነበር።

«ዶክተር፣ ለመኪናም ጥፍር ይቀባሉ?» አለ።

የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ፊልትሮው በዚያው ተቀየረልኝ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልተነሣም፤ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩና። ነጥቧን ማድረግ ሰውን መስደብ ነበር፤ ቆሞ ማየት ስድብ አይደለም። ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መቆም ከማይፈቀድለት ወገን ነበርኩ።

አሮጌውን መኪና ሽጬ አሁን ያለኝን ስገዛ፣ አዲስ አበባ ካለው አስመጪ ወኪል በቀጥታ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ወኪሉ ዋስትና ይሰጣል፤ በምላሹ መኪናው በየጊዜው ወደ እርሱ ለሰርቪስ እንዲመጣ ይፈልጋል። የሥራ ባልደረቦቼ ለዘይት መቀየሪያ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ የሚነዳ ሰው ቀበጥ ነው አሉኝ። መንገዱ አንዳንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ሲከፈትም መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። እነርሱ ያላወቁት እኔ የምነዳው ለዘይቱ አለመሆኑን ነው። ወኪሉ ጋ ደንበኛ ወደ ሥራው ቦታ መግባት ክልክል ነው። ቁልፉን ታስረክቢያለሽ፤ ትልቅ መስታወት ያለው ክፍል ውስጥ ሶፋ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ከመስታወቱ ወዲያ መኪናሽ ወደ ላይ ሲነሣ ታያለሽ። ሁሉም ይቀመጣል፤ ወንዱም ይቀመጣል። «ሰው የለዎትም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። የምከፍለው መኪናዬ በትክክል እንዲሠራ ነው ብዬ ብናገር ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። የምከፍለው ላለመቆም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ብቻ የደንበኞች ተቀባይ የሆነውን ወጣት ምን ዓይነት ዘይት እንደሚጠቀሙ ጠየቅኩት። የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ነው አለ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ የሚያዘው አምስት ደብልዩ ሠላሳ የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ይታዘዛል። የኋለኛው ቁጥር ሞተሩ ከጋለ በኋላ ስለሚቀረው ውፍረት ነው። ውርጭ ለሚመታው አገር የፊተኛው ቁጥር ያነሰ ይሁን፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም። መልሱ አጥጋቢ ስለነበር ለብዙ ጊዜ ዳግመኛ አልጠየቅኩም።

መኪናው ለእኔ ከመጓጓዣ በላይ የሆነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ አንኮበር ትኖራለች፤ ከእኔ ቤት አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዓይኗ ግፊት ከፍ ማለት ከጀመረ ወዲህ በየወሩ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ የዓይን ሐኪም መታየት አለባት። ሐኪሙ የሚመጣው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እናታችንን ወስዶ እርሱ ዘንድ ሊያኖራት ይፈልግ ነበር። ሰፊ ቤት አለው፤ ሐኪሙም እዚያው ነው። እናቴ ደግሞ ከቤቷ መነሣት አልፈለገችም። ያ ቤት ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለ፣ ነፋስ የማያጣው፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ደመናው ከእግርሽ በታች የሚተኛበት ቤት ነው። እርጅናዋን ለማሳለፍ የመረጠችው እዚያ ነበር፤ እኔም ከምርጫዋ ጎን ቆምኩ።

ለፋሲካ ተሰብስበን ተነጋገርን። ወንድሜ አሳቢ ሰው ነው፤ ተከራክሮም ሲያበቃ ሰውን አያስቀይምም። ብቻዬን ሆኜ፣ በዚያ ገደል መንገድ፣ በየወሩ እናቱን ሳመላልስ ማየት እንደሚያሳቅቀው ተናገረ። እኔም መኪናው አዲስ እንደሆነ፣ በወኪሉ እንደሚታይ፣ እኔም መንዳት እንደማውቅበት ነገርኩት። በመጨረሻ ለሁላችንም የሚስማማ ቃል አወጣ።

«እሺ። ወስደሽ መልሻት። አንዲት ቀን መኪናሽ አስቸግሮሽ ቀጠሮዋ ቢያልፍ ግን እኔ እወስዳታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።»

እናቴን ተመለከትን። «እናንተ ከተስማማችሁ እኔ ምን አለኝ» አለች። እንዲህ ሆኖ የእናቴ ቤት በመኪናዬ ሞተር ላይ ተንጠለጠለ።

ክረምቱን በሙሉ ቀጠሮ አላሳለፍንም። ጭጋግ ነበረ፤ ጭቃ ነበረ፤ አንድ ጊዜ ከላይ የተናደ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶት የመንደሩ ሰዎች እስኪያነሡት ጠብቀናል። መኪናው ግን አንድም ቀን አላሳፈረኝም። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሄጄ እንደ ደንቡ ሰርቪስ አስደረግኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አረምኩ።

ጥቅምት ሲገባ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ መታየት ሲጀምር፣ የሞተሩ አነሣስ ተለወጠ። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ እንደ ድሮው በአንዴ አይነሣም፤ የሚታገል ሰው ድምፅ ያሰማል። ከተነሣ በኋላ ጥቂት ጊዜ ከላይ በኩል ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ሲናጥ እንደሚሰማው ያለ ኳኳታ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የማንቆርቆሪያ ምስል የያዘች ቀይ መብራት፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል ሲደርስ የምትጠፋዋ፣ ለመጥፋት ትዘገያለች። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ደህና ነው። ይህን ለተማሪ ጥያቄ አድርጌ ባቀርበው መልሱን የሚስት ተማሪ አይኖርም። ለወኪሉ ደወልኩ። ያው ወጣት ነው ያነሣው። በትሕትና ሰማኝና ምክንያቱ ብርዱ እንደሆነ፣ በዚያ አገር ሁሉም መኪና ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ዘይቱ ትክክለኛው መሆኑን ጠየቅኩት። «ምን ጥያቄ አለው ዶክተር፣ ለእርስዎ በጣም ጥሩውን ነው የሞላነው» አለኝ።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዤ አየሁ። ልኩ ሙሉ ነው፤ ቀለሙም ንጹሕ ማር ይመስላል። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ለመውደቅ ትንሽ አመነታች፤ ያ ደግሞ በዚያ ብርድ ማንኛውም ዘይት የሚያደርገው ነው። ከዚህ አልፎ መመርመር ይቻል ነበር። ነገር ግን መመርመር ከጀመርኩ ወደ ጉድጓዱ አጠገብ መመለሴ ነው፤ ሶፋውንም መስታወቱንም ማጣቴ ነው። ሌላው ሰው ሥራውን እንደሚሠራ አምኖ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የቀመስኩት በዚያ ክፍል ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ቦታው መልሼ ኮፈኑን ዘጋሁ።

በኅዳር ወር ቀጠሮ ቀን መኪናው አልተነሣም። ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ነበር፤ አንኮበር ደርሼ እናቴን ይዤ ለመመለስ ያ ሰዓት ይበቃ ነበር። የፊት መስታወቱ በበረዶ ተለብጧል። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ሁለተኛውን ጀምሮ አቆመ፤ ቀጥሎ ከባትሪው የተረፈው የሚንጣጣ ድምፅ ብቻ ነበር። ሐቁን ሳልከፋፍል ለመናገር ባትሪውም አዲስ አልነበረም። ግን የተዳከመ ባትሪ ቀላል ሸክም ያነሣል፤ ከባድ ሸክም አያነሣም።

ኮንትራት የሚሄድ ሚኒባስ ፍለጋ ደወልኩ፤ ጉሙ ሳይነሣ ወደ አንኮበር የሚወርድ አላገኘሁም። ጎረቤት እየነቃ መጣ። የመኪና አለመነሣት በሠፈራችን የጋራ ጉዳይ ነው፤ ሁሉም አስተያየት አለው። አንዱ እንግፋው አለ፤ ይህ መኪና ተገፍቶ እንደማይነሣ ነገርኩት። የግቢው አከራይ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አጣፍታ መኪናውን ዞራ አየችና አዘነችለት።

«ምነው ማታ ብርድ ልብስ ብታለብሺው ኖሮ» አለችኝ። «የሱፍ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ራቁቱን አሳደርሽው።»

ከግቢው ከእኔ ቀጥሎ የሚኖረው ከአልዩ አምባ ሽንኩርትና ሎሚ እያወጣ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ከፈጅር ሶላት ሲመለስ አየንና የጭነት መኪናውን አስጠግቶ ባትሪ ማገናኛ ገመዱን አወጣ። በእርሱም ባትሪ ቶሎ አልተነሣም። «ወላሂ፣ ይሄ መኪና በርዶት ሳይሆን ተቀይሞሽ ነው» አለኝ፤ ሳላስበው ሣቅኩ። በመጨረሻ ፀሐይ ወጥታ ኮፈኑ ላይ ካረፈች በኋላ ነው ሞተሩ እያጓራ የተነሣው።

አንኮበር ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ለመንገድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ። ነፋሱ ነጠላዋን ይገርፈው ነበር። ቤት ገብታ ብትጠብቅ የመኪና ጥሩምባ እንዳያመልጣት ፈርታ እንደቆየች ግቢዋ ውስጥ ክፍል ያከራየቻቸው ሰዎች ነገሩኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሐኪሙ ሄዷል። እናቴ በመንገድ ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ ነበር፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ገብስ መታጨድ። ማታ እኔ ቤት ጋደም ብላ ሳለች ወንድሜ ደወለላት። ዋሽታ ልታልፈው ትችል ነበር። «ዛሬ አልታየሁም፤ መኪናው እንቢ አላት» አለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከወኪሉ ወጣት ፊት ለፊት ተቀምጬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፤ መስከረም ላይ የሞላችሁት ዘይት የትኛው ነው?

«ሃያ ደብልዩ ሃምሳ» አለ። ይህ በመመሪያው ውስጥ የሌለ፣ ያረጁ የጭነት መኪናዎች የሚጠጡት ወፍራም ዘይት ነው። ፊቴ ላይ ያየው ነገር ምስጋና ሳይመስለው አልቀረም፤ ፈገግ ብሎ ቀጠለ። «ለሌላው ደንበኛ መመሪያው የሚለውን ነው የምንሞላው። የእርስዎ ግን የተለየ ነው። ወንድምዎ ደውለው፣ ብርድ አገር ነው ያለችው፣ ወፈር ያለ አድርጉላት አሉን። እሳቸው ደግሞ የድሮ ደንበኛችን፣ የቤት ሰው ናቸው፤ እንቢ አይባሉም።»

ወንድሜ መቼ ጀምሮ እንደሚደውል ጠየቅኩት።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነዋ። እርስዎ ሊመጡ ሲሉ ይደውላሉ፤ እህቴ ናት፣ እንዳታቆሟት፣ እንዳትመላለስ፣ በደንብ ያዙልኝ ይላሉ። ዘይቱን እንኳ ያሉን ባለፈው ነው። ጥሩ ወንድም አለዎት፣ ዶክተር።»

ወደ ክፍሉ ዞር ብዬ ተመለከትኩ። ሶፋውን፣ መስታወቱን፣ መኪኖቻቸውን የሚጠብቁትን ሰዎች። በዚህ ክፍል «ሰው የለዎትም?» ያልተባልኩት፣ ሰው ስለነበረኝ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም ወንድሜ ከርቀት ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞልኝ ነበር። እኔ የገዛሁት መስሎኝ የነበረውን ነገር እርሱ አስቀድሞ በስልክ ገዝቶታል፤ በነጻ።

መመሪያውን አያውቁም ብሎ መወንጀል ትክክል አይሆንም። ያውቁታል። ለማያውቁት ሰው መመሪያውን ይከተላሉ፤ ለሚያውቁት ሰው ውለታ ይውላሉ። ማንም ባይደውልልኝ ኖሮ ትክክለኛው ዘይት ይሞላልኝ ነበር። ወፍራሙ እንዲወጣና ቀጭኑ እንዲሞላ፣ ባትሪውም እንዲቀየር አዘዝኩ። ወጣቱ ግራ ተጋባ፤ ለወንድሜ ይደውል እንደሆነ ጠየቀኝ። አልኩት፣ የመኪናው ባለቤት እኔ ነኝ፤ ሊብሬውን ማየት ከፈለግህ ይኸውና። ሥራው እስኪያልቅ ከመስታወቱ ጋር ተጠግቼ ቆምኩ። ከታች ያሉት መካኒኮች ቀና እያሉ ያዩኝ ነበር።

ለወንድሜ የደወልኩት ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ነው። በመጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ሣቀ።

«አንቺ ደግሞ። እዚያ አገር ውርጭ ሲሆን ጋቢሽን ትደርቢያለሽ ወይስ ትቀንሻለሽ?»

የሞተር ዘይት ከጋቢ ጋር እንደማይመሳሰል አስረዳሁት። የሰው ገላ ከውስጡ ሙቀት ስላለው ጋቢ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ ቆሞ ያደረ ሞተር ግን የራሱ ሙቀት የለውም። ዘይት የሞተር ልብስ ሳይሆን ደሙ ነው፤ ደም በብርድ ሲረጋ ገላ ይሞታል። ወፍራም ዘይት ሲበርደው የበለጠ ይወፍራል፤ መኪናው በሚነሣበት ቅጽበት ብረት ከብረት ጋር ሳይቀባ ይፋተጋል፤ ባትሪውም ያን ረግቶ የተቀመጠ ዘይት መግፋት ያቅተዋል። ያን ቀን መኪናው ያልተነሣው፣ እናታችን ነፋስ ላይ የቆመችው፣ ቀጠሮዋ ያለፈው በዚህ ነው። በረጋ ድምፅ ነው የተናገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«እሺ፣ ዶክተር» አለ። «እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። ከእንግዲህ አልደውልልሽም።» አስከትሎም፣ «አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብትይ ምን ነበረበት» አለ። ከልቡ ነበር የተከፋው። የተበደለው እርሱ እንደሆነ እኔም ለአፍታ ተሰማኝ።

ተስፋዬ እናቴ ላይ ነበር። ክርክር የለም የተባለው መኪናው ቢያስቸግር ነው፤ መኪናውን ያስቸገረው ማን እንደሆነ ከታወቀ ፍርዱ ሊለወጥ ይገባል፤ ቢያንስ በእኔ አስተሳሰብ። በማግስቱ እሑድ፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ባደረበት ጠዋት፣ ሞተሩ በአንዴ ተነሣ፤ ቀይዋም መብራት ወዲያው ጠፋች። አንኮበር ድረስ ነዳሁ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ወንድሜን ሳልከስ፣ ቀለል አድርጌ፣ ቅደም ተከተሉን ሳላፈርስ። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«የዘይቱን ነገር አልገባኝም፣ ልጄ» አለች። «የገባኝ ያን ጠዋት በር ላይ መቆሜ ነው። ስለ ዓይኔ መሰለሽ የቆምኩት? ገደል ገብታለች ብዬ ነው። መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መርዶሽን ሊያረዱኝ የመጡ እየመሰለኝ ቆየሁ።»

ከእንግዲህ እንደዚያ እንደማይሆን ነገርኳት። መኪናው ምን እንደነበረው ስለታወቀ አይደገምም አልኩ።

«አውቃለሁ። ግን በየወሩ ያን መጠበቅ አልችልም። ወንድምሽ ጋ ሄጄ ልቀመጥ። አንቺም ትረፊ።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ስለ መኪናው ነበር። እርሷ የምትናገረው ስለ ፍርሃቷ ነበር። ትረፊ ያለችው ከእርሷ ሸክም መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። እርሷ እኔን ከሥጋት ልታሳርፈኝ፣ እኔ እርሷን ከቤቷ እንዳትነቀል ልጠብቃት፣ ወንድሜ ሁለታችንንም ከብርድ ሊያድነን ስንል ሦስታችንም የምንፈልገውን አጣን። ቤቱን ላከራየቻቸው ሰዎች አስረከበች፤ በጎቿን፣ ግልገሉን እንዲካፈሉ፣ ለጎረቤት በእርቢ ሰጠች።

የወሰድናት ከጥምቀት በኋላ ነው። የወንድሜ መኪና በዚያ ሳምንት ሰርቪስ ገብታ ስለነበር በሕዝብ መኪና መጥቶ እኔ ቤት አደረና ጠዋት አብረን አንኮበር ወረድን። የእናቴ ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ሁለት ሻንጣ፣ የጸሎት መጻሕፍቷ፣ የታሰረ ፍራሽ። ጎረቤቶች መኪናውን ከበው ሲያለቅሱ ወንድሜ ሁሉንም በየተራ አቅፎ አጽናና፤ እኔ መሪውን ይዤ ጠበቅኩ። እናቴ ከኋላ ተቀመጠች። ዳገቱን ስንወጣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላየችም፤ ወይም አይታ ከሆነ በመስታወቱ አላገኘኋትም።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ጫጫ ልንደርስ ስንል ወንድሜ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ። በመኪና ጉዳይ ራሱን አዋቂ አድርጎ ነው የሚያየው። ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«እማዬ፣ ስሚው እስቲ። ድምፁ የለም። ልጅሽ ተቆጣችኝ እንጂ ያን ጊዜ ያስሞላሁላት ዘይት ነው እንዲህ ያለሰለሰው።»

ወፍራሙ ዘይት ከወጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። በስልክ የነገርኩትን ሁሉ፣ ደሙንም፣ ጋቢውንም፣ ነፋስ ላይ የቆመችውንም፣ ጥሎታል። የቀረው እኔ መቆጣቴ ብቻ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው አይመስለኝም። አንድ ሰው በፍቅር ያደረገው ነገር ጉዳት እንዳመጣ ሲነገረው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

እናቴ ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ዳበሰችው። «እግዜር ይስጥህ» አለችው። ቀጥላ ወደ እኔ፣ «እሱ ባይኖርሽ ምን ይውጥሽ ነበር?» አለች።

መልሱ ነበረኝ። ሁለቱንም ቁጥሮች፣ የተለወጠበትን ቀን፣ የወጣቱን ቃል እንዳለ ማቅረብ እችል ነበር፤ አዲስ አበባ እስክንደርስም ጊዜ ነበረን። እናቴ እጇን ከትከሻው ላይ አላነሣችም። ከዛሬ ጀምሮ የምትኖረው እርሱ ቤት ነው፤ የምታምነው ሰው መሆን ያለበት እርሱ ነው።

«አዎ፣ ሞተሩ ጥሩ ይሠራል» አልኩ። ይህም እውነት ነበር። ወንድሜ ደስ ብሎት ስለ መኝታ ክፍሏ ይነግራት ጀመር፤ ፀሐይ ጠዋት በየትኛው መስኮት እንደምትገባ። ሸኖ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።